ሪር ዊል ወይስ ኦል ዊል? ለኮሎራዶ በረዶ የኤሌክትሪክ መኪና ስንመርጥ

ባለፈው እሁድ ኦሮራ ውስጥ ለሾፌር ወንድሞችና እህቶች ያወራሁት ነው። "ፈረቃ ላይ ነበርኩ፣ ጻፍና ላክልኝ" ያለኝ ሰው ስለበዛ እንዳወራሁት አስቀምጬዋለሁ፣ ቁጥሮቹን ብቻ ደግሜ አይቻቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከቅዳሴ ቀጥታ የመጣችሁም አላችሁ፣ ሌሊቱን ኤርፖርት ስትመላለሱ አድራችሁ ሳትተኙ የመጣችሁም አላችሁ፣ ሁላችሁንም ከልቤ ነው የማመሰግነው። ቡናው እስኪፈላ እኔ ልጀምር።

በየዓመቱ ኦክቶበር ገባ ሲል ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ "የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው፣ ለስኖው ሪር ዊሉ ይሻለኛል ወይስ ኦል ዊሉ?" ድሮ ቶሎ ነበር የምመልሰው፣ "ኦል ዊል ግዛ በቃ" ብዬ ስልኩን እዘጋ ነበር። ከዛ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደዛ ብዬ የዘጋሁበትን ሰውዬ ነዳጅ ማደያ ሱቅ በር ላይ አገኘሁት፣ መኪናው አዲስ ኦል ዊል ነው፣ ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ወደ ተራራ ሊወጡ ነው፣ እኔ ደግሞ ሰላም እያልኩት ዓይኔ ጎማው ላይ አረፈ። ልሙጥ ነው። "ይሄን ጎማ ሳትቀይር ነው የምትወጣው?" ስለው "አንተ አይደለህ እንዴ ኦል ዊል ከሆነ ችግር የለም ያልከኝ" አለኝ። እንደዛ አላልኩም፣ ግን እሱ የሰማው እንደዛ ነው፣ እኔም አሳጥሬ ስለመለስኩ ነው። ያን ቀን ነው ይሄን ነገር ቁጭ ብለን በደንብ ማውራት አለብን ብዬ የወሰንኩት።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። ሪር ዊል የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው የሚያዞረው። ኦል ዊል የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሞተር ነው ያለው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ በመሀላቸው እንደ ድሮው ፎር ዊል የሚያገናኝ ዘንግ የለም፣ ኮምፒውተሩ ነው ለየትኛው ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ የሚወስነው። ሁለቱም አራት ጎማ አላቸው፣ ሁለቱም በአራቱም ጎማ ነው ፍሬን የሚይዙት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ ክረምት ስል የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ማለቴ አይደለም፣ የዚህ አገሩን ዊንተር ነው። የኛ የኮሎራዶ ዊንተር ደግሞ የራሱ ጸባይ አለው። ሚኒሶታ ያሉ ወንድሞቻችን በረዶው አንዴ ከወረደ ወራት ይቀመጣል ይሉናል፣ እዚህ ዴንቨርና ኦሮራ ግን ማክሰኞ ተከምሮ ሐሙስ ፀሐይ ወጥታ አስፋልቱ ደርቆ ታገኙታላችሁ። ችግሩ የቀለጠው ውሃ ማታ ተመልሶ ይረጋል፣ ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሀቫና ስትሪት ደርቆ እናንተ አፓርትመንታችሁ ፓርኪንግ ውስጥ ፀሐይ በማይደርስበት በኩል መስታወት የመሰለ አይስ ላይ ናችሁ። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሰራ ሰው የአደጋው ጊዜ አጭር ነው፣ ማለዳና ማታ ነው፣ የሰፈር መንገድ ላይና መስቀለኛ ላይ ነው።

ተራራው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት። አይ ሰቨንቲ (I-70) የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ አይዘንሃወር ቶነል ውስጥ ከፍተኛው ቦታ ላይ ስትደርሱ 3,401 ሜትር ላይ ናችሁ። እንጦጦ 3,200 ነው፣ ከእንጦጦ አናት በላይ ወጥታችሁ ነው ቶነሉ ውስጥ የምትገቡት። ከዴንቨር 60 ማይል ገደማ ነው ይሄ ሁሉ መውጣት። ከዛ ቶነሉን እንደጨረሳችሁ ደግሞ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው ቁልቁለት ይጀምራል። እኔ ዛሬ የማወራው ነገር በሙሉ እዚች ቶነል ግራና ቀኝ ላይ ነው ያለው፣ ከምስራቅ በኩል ያለው ዳገትና ከምዕራብ በኩል ያለው ቁልቁለት። ሁለቱም ላይ ደርሶብኛል፣ በሁለት የተለያየ መኪና።

መጀመሪያ የነበረኝ ሪር ዊል ነበር። ስገዛው የመጣበት ኦል ሲዝን የሚባለው ጎማ ነው፣ ስራ ላይ ስለነበርኩ ማይሉ ቶሎ ሄደ፣ ሪር ዊል ኤሌክትሪክ ደግሞ ጉልበቱ ሁሉ ኋላ ስለሆነ የኋላ ጎማ ይበላል፣ መኪናውም ከባድ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ነው፣ አመሻሽ ላይ፣ ከኤርፖርት ሦስት ሰው ከነስኪያቸው ጭኜ ቬል ወደምትባለው የስኪ ከተማ። ጆርጅታውን ድረስ ምንም የለም። ሲልቨር ፕሉምን አልፈን ቶነሉ አጠገብ ያለው ላቭላንድ የስኪ ቦታ ጋ ስንቃረብ በረዶው ወፍሮ መውረድ ጀመረ፣ መኪናው ሁሉ ቀስ አለ፣ ከዛ ከፊታችን አንድ ነገር ተፈጠረና ቆምን። ዳገት ላይ። መቆሙ ነው ጉዱ። መንገዱ ሲከፈት እግሬን ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ የምትንሸራተት መኪና የምትመስለው መብራት ብልጭ ብልጭ አለች፣ መኪናው ግን አይንቀሳቀስም። ትራክሽን ኮንትሮሉ፣ ጎማው በባዶ እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠረው፣ ጉልበቱን ይቆርጠዋል፣ ትንሽ ይለቃል፣ ይቆርጠዋል፣ ጎማው እዛው በተነሳ ቁጥር ከስሩ ያለውን ስኖው እያለሰለሰ አይስ አደረገው። ከኋላዬ መኪናው ተሰልፏል። በመጨረሻ አንድ ፒካፕ ያለው ሰው ገመድ አስሮ ጎተተኝ፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም።

አሁን ለምን እንደቆምኩ ላስረዳችሁ፣ ሂሳቡ ቀላል ነው። የመኪናውን ክብደት 100 በሉት። ሪር ዊል ላይ ግማሹ ወይ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ኋላ ጎማ ላይ ነው የሚያርፈው፣ 50 እንበል። የተበላ ጎማ የተረገጠ ስኖው ላይ ከሚያርፍበት ክብደት 12 ፐርሰንት ያህል ብቻ ይዞ መግፋት ቢችል፣ የ50 12 ፐርሰንት 6 ነው። ዳገቱ ደግሞ 7 ፐርሰንት ከሆነ 7 ይጠይቃችኋል። 6 አላችሁ፣ 7 ይፈለጋል፣ በቃ አትንቀሳቀሱም። ኦል ዊል ቢሆን ኖሮስ? 100ው ሁሉ ስራ ላይ ነው፣ 12 አገኝ ነበር፣ 7 ተጠይቆ 12 ካለኝ እሄዳለሁ። ሪር ዊሉ ላይ ጥሩ የዊንተር ጎማ ቢኖርስ? የዊንተር ጎማ የተረገጠ ስኖው ላይ 25 ምናምን ፐርሰንት ይይዛል፣ የ50 ሩብ 12 ተኩል። ይሄም ይሄዳል! አያችሁ፣ በዛ ምሽት ኦል ዊል ቢኖረኝም እወጣ ነበር፣ በዛው ሪር ዊል ላይ ጎማ ብቀይርም እወጣ ነበር። እኔ ግን ይሄን ሂሳብ ያኔ አላውቀውም፣ ጥፋቱ የሪር ዊሉ ነው ብዬ መኪናውን ሸጥኩት።

ቀጥሎ ኦል ዊል ልገዛ ሄድኩ። የሸጠልኝ ልጅ "ይሄን ከያዝክ የዊንተር ጎማ ምናምን አያስፈልግህም፣ አራቱም ነው የሚይዘው" አለኝ። አመንኩት። ደስ ብሎኝ ነው የወሰድኩት። በሚቀጥለው ዊንተር ያቺው ላቭላንድ ጋ ያለችው ዳገት ላይ ሌሎች ጎማቸው ሲሽከረከር እኔ ጎናቸው አልፌ እንደ ደረቅ መንገድ ወጣሁ። ያን ቀን አንድ ቤተሰብ ነበር የጫንኩት፣ እናትና አባት ትንሽ ልጅ ከነመቀመጫዋ። ቶነሉን ጨረስን፣ ወጣን፣ ቁልቁለቱ ጀመረ። ፍጥነቴ 30 ማይል ነው፣ አልፈጠንኩም። አንድ ኩርባ እንደዞርኩ ከፊቴ የፍሬን መብራት፣ ቀይ በቀይ ሆነ። ፍሬን ያዝኩ። ከእግሬ ስር ፍሬኑ ትር ትር ትር ይላል፣ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤሱ ነው፣ መኪናው ግን ይሄዳል። ረገጥኩት፣ ይሄዳል። ያን ያህል ጊዜ የሚፈጅ አይመስላችሁም፣ ግን የፊተኛውን መኪና ታርጋ ቁጥሩን ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ነበር። መሪውን ቀስ አድርጌ ወደ ቀኝ ወሰድኩት፣ ዳር ላይ የተገፋው የበረዶ ክምር ውስጥ ገባን፣ ድፍን ያለ ድምፅ አሰማና ቆመ። ማንም አልተነካም። ልጅቷ ነቅታ "ደረስን?" አለች። እናትየዋ እያለቀሰች "ገና ነን፣ ገና ነን" አለቻት። እኔ እስከ ዛሬ ያቺን "ደረስን" የምትለዋን ድምፅ አልረሳትም።

ያቺን ቀን ነው የገባኝ። ኦል ዊሉ ዳገቱን አወጣኝ፣ ጎማው ግን ያው 12 ፐርሰንት የሚይዘው ጎማ ነበር። ማቆም ላይ ሪር ዊልም ኦል ዊልም እኩል ናቸው፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄን ነው፣ ሁሉም መኪና በአራቱም ጎማ ነው የሚቆመው፣ ሁለተኛው ሞተር ለፍሬን የሚጨምርላችሁ ነገር የለም፣ እንደውም ትንሽ ክብደት ነው የሚጨምረው። ቁጥሩን ላሳያችሁ። በ30 ማይል የምትሄድ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ40 ፊት ገደማ ትቆማለች። በተበላ ጎማ የተረገጠ ስኖው ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ 250 ፊት። ያው ጎማ፣ ያው ስኖው፣ 7 ፐርሰንት ቁልቁለት ላይ ግን ከያዛችሁት 12 ላይ ቁልቁለቱ 7 ይወስድባችኋል፣ የሚቀራችሁ 5 ነው፣ ስለዚህ 600 ፊት ትሄዳላችሁ። ሁለት የኳስ ሜዳ ሊሞላ ምንም አይቀረው! ኩርባው ላይ ከፊቴ የነበረኝ ቦታ የዚህን ሩብ አይሞላም። የዊንተር ጎማ ቢኖረኝ ከ25ቱ ላይ 7 ተወስዶ 18 ይቀረኝ ነበር፣ በ170 ፊት እቆም ነበር። መኪናው አንድ ነው፣ የተለየው ጎማው ነው።

ደግሞ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ። ሪር ዊል ከመጀመሪያው ይነግራችኋል፣ ፓርኪንግ ስትወጡ ኋላው ዘለል ይላል፣ መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ "ዛሬ መንገዱ ይንሸራተታል" ብላችሁ ትጠነቀቃላችሁ። ኦል ዊል ግን ምንም ሳይነግራችሁ ያስነሳችኋል፣ ደህና መንገድ ላይ ያላችሁ ይመስላችኋል፣ መንገዱ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ፍሬን የያዛችሁ ቀን ነው። ስለዚህ ኦል ዊል የያዛችሁ ሰዎች ጠዋት ስትወጡ ሰው በሌለበት ቦታ በ10 ማይል ፍሬን ያዝ አድርጋችሁ ሞክሩት እባካችሁ፣ መንገዱን ጠይቁት።

ታዲያ ኦል ዊል አይረባም እያልክ ነው ወይ ትሉኛላችሁ። አይደለም! ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ላይ በጣም ይረዳል። ጠመዝማዛ ላይም ሁለቱም አክስል ሲጎትት መኪናው ተረጋግቶ ይሄዳል። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው፣ መጀመሪያ ጎማ፣ ከዛ ኦል ዊል።

ስለ ሪር ዊልም ያለን ፍራቻ ድሮ ከነበረው የመጣ ነው። ድሮ ሪር ዊል ማለት ሞተሩ ከፊት፣ ኋላው ባዶ፣ ቀላል፣ ሰው ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት የሚጭንበት መኪና ነው። የኤሌክትሪኩ እንደዛ አይደለም። ባትሪው ወለሉ ላይ ተነጥፏል፣ ሞተሩ ራሱ ኋላ ጎማው ላይ ነው የተቀመጠው፣ ክብደቱ ያለበት ቦታ የሚገፋው ጎማ ላይ ነው። ሌላው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እስኪሰማ አይቆይም፣ ጎማው ሊሽከረከር ሲል ኮምፒውተሩ በሴኮንድ ሽራፊ ውስጥ ጉልበቱን ይቀንሰዋል፣ እናንተ ሳታውቁት። ኖርዌይ ውስጥ በ2024 ከተሸጠው አዲስ መኪና 10 ውስጥ 9 ሊሞላ ምንም የማይቀረው ሙሉ ኤሌክትሪክ ነበር፣ ያ ሁሉ ሰው በረዶ አገር ውስጥ ነው የሚነዳው፣ ከሱም ውስጥ ሪር ዊል የሚነዳ አለ። ግን እዛ ወደ ዊንተር ጎማ ሳይቀይር የሚነዳ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ይሄን አብራችሁ ስሙልኝ።

ሪር ዊል ላይ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ፣ ብዙ ሰው አይነግራችሁም። እግራችሁን ስታነሱ መኪናው ራሱ ይይዛል አይደል፣ ሪጀን የምንለው፣ ባትሪውን መልሶ የሚሞላው። ሪር ዊል ላይ ይሄ የሚይዘው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ደረቅ ላይ በጣም ጥሩ ነው። አይስ ያለበት ኩርባ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ድንገት ካነሳችሁ ግን የእጅ ፍሬን እንደ መሳብ ነው የሚሆነው፣ ኋላው ሊዞር ይሞክራል። ኮምፒውተሩ ቶሎ ይለቀዋል፣ ግን ሁሉንም በኮምፒውተር ላይ አትጣሉት። ብዙ መኪና ላይ ሪጀኑን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ስኖው ቀን ዝቅ አድርጉት፣ እግራችሁንም እንደ እንቁላል ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። ደግሞ ባትሪው በጣም ሲቀዘቅዝ ወይ 100 ሲሞላ ሪጀን አይሰራም፣ ወይ በጣም ይቀንሳል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቻርጅ አድርጋችሁ ሞልታችሁ ወዲያው ቁልቁለት ላይ ከወጣችሁ እግራችሁን ስታነሱ እንደለመዳችሁት አይዝላችሁም፣ ደንግጣችሁ ፍሬን ትረግጣላችሁ። 80 ላይ አቁሙት።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን ይሄን መኪና ለስራ ነው የምንገዛው። ኦል ዊሉ ሲገዛ ጥቂት ሺህ ዶላር ይጨምራል፣ ያ ብቻ አይደለም፣ ሬንጅም፣ አንዴ ተሞልቶ የሚሄደውን ርቀት፣ ይወስዳል። የ2022 ሀዩንዳይ አዮኒክ 5 ሪር ዊሉ በመንግስት ልኬት 303 ማይል ነው፣ ኦል ዊሉ 256። በዛው ዓመት ኪያ ኢቪ 6 ሪር ዊሉ 310፣ ኦል ዊሉ 274። ቴስላ ላይ ልዩነቱ ይጠባል፣ የ2024ቱ ሞዴል 3 ሎንግ ሬንጅ 363 እና 341 ነው። ይሄ ደግሞ ለብ ባለ አየር ነው። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ የሾፌሮች ማህበር በ2019 የያኔዎቹን መኪናዎች ሲፈትናቸው 20 ፋራናይት ላይ ማሞቂያ ተከፍቶ ሬንጁ በአማካይ 41 ፐርሰንት ወርዶ ነው ያገኘው። አሁን ሂት ፓምፕ የሚባለው ቆጣቢ ማሞቂያ ያላቸው ብዙዎቹ ከዛ ይሻላሉ፣ ግን አሁንም ይወርዳል፣ በተለይ አጭር አጭር እየሄዳችሁ መኪናው በየመሀሉ ሲቀዘቅዝ።

ተራራ ላይ ደግሞ ሌላ አለ። ሰው የጫነ መኪና፣ 2,200 ኪሎ እንበል፣ ከዴንቨር ቶነሉ ድረስ ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። መንገዱን ለመሄድ የሚፈጀው ሳይቆጠር ነው፣ መኪናውን ለማንሳት ብቻ። 75 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ላይ 15 ፐርሰንት ገደማ ነው። ሲወርድ ከዚህ ውስጥ ጥሩ ድርሻ ይመለሳል፣ ሁሉም ግን አይመለስም። ከኤርፖርት ቬል 120 ማይል ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 240። ማንኛችሁም በጃንዋሪ ያለ ቻርጅ ደርሼ እመለሳለሁ ብላችሁ እንዳትወጡ፣ ሪር ዊልም ቢሆን ኦል ዊልም ቢሆን። ከተቻለ ቤት ተሰክታ እያለች አሙቋት፣ ከባትሪው ሳይሆን ከግድግዳው ይሁን።

እዚህ ጋ አንዲት ነገር ልጨምር፣ ሴኮንድ ሀንድ የምትገዙ ልብ በሉ። እዚህ አሜሪካ ውስጥ ሂት ፓምፑን ኦል ዊሉ ላይ ብቻ አድርገው የሸጡበት ዓመት አለ። ስለዚህ "ሪር ዊሉ ሬንጁ ይበልጣል" ብላችሁ የገዛችሁት ዊንተር ሲገባ ብልጫው ሊጠብ ይችላል። ሻጩን "ሂት ፓምፕ አለው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አፍ ብቻ እንዳታምኑ፣ በወረቀት አሳዩኝ በሉ።

ህጉንም እንይ። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 አይ ሰቨንቲ ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ትራክሽን ሎው የሚባለው የጎማ ህግ አለ። የጎማ ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ወደ 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ፣ መሆን አለበት። ሪር ዊል ከያዛችሁ ጥርሱ ብቻ አይበቃም፣ ድሮ ጎማው ኤም ኤንድ ኤስ (ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚል ወይ የዊንተር ጎማ ከሆነ ያልፍ ነበር፣ አሁን ግን ሰንሰለት ወይ ጎማ ላይ የሚለብሰውን የጨርቅ ሶክ መያዝ አለባችሁ። ኦል ዊል ከሆነ ጥርሱ ከበቃ ያልፋል። ቅጣቱ ከ130 ዶላር በላይ ነው፣ መንገድ ከዘጋችሁ ደግሞ ከ650 በላይ። ሲብስ ቼይን ሎው የሚባለውን የሰንሰለት ህግ ያውጃሉ፣ ያኔ ሪር ዊል ያለ ሰንሰለት ወይ ያለ ሶክ አይሄድም። በየሳምንቱ ተራራ ለሚሰራ ሰው ይሄ ብቻውን ኦል ዊል ያስገዛዋል፣ በዛ ብርድ ዳር ላይ ተንበርክኮ ሰንሰለት ማሰር፣ ደንበኛው ሰዓቱን እያየ፣ እኔ አድርጌዋለሁ፣ ጣት አይታዘዝም። ግን ህጉ የሚያልፋችሁ ጎማና ቁልቁለቱ የሚያልፋችሁ ጎማ አንድ አይደለም። ኤም ኤንድ ኤስ የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ውስጡ የበረዶ ኮከብ ያለበት ምልክት ፈልጉ፣ እሱ ነው ስኖው ላይ ተፈትኖ ያለፈው።

እና ምን እንግዛ? የኔን ሀሳብ ልንገራችሁ። ከተማና ኤርፖርት ብቻ የሚሰራ ሰው፣ ሪር ዊል ግዙና ከተረፋችሁ ገንዘብ ላይ ጎማ ግዙ። እዚህ መንገዱ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ያ ምልክት ያለበት ኦል ዌዘር የሚባል ጎማ አለ፣ ኦል ሲዝን አላልኩም፣ ኦል ዌዘር፣ ዓመቱን ሙሉ ይነዳል፣ ሁለት ጊዜ መቀያየር የሌለበት ነው፣ ለከተማ ይበቃል። ባለቤቴ የምትነዳው እንደዚህ ነው፣ ነርስ ናት፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ነው የምትወጣው፣ መኪናዋ ሪር ዊል ነው፣ በሷ የምጫወት ሰው አይደለሁም። ተራራ የሚሰራ ሰው ግን ኦል ዊል ይግዛ፣ እውነተኛ የዊንተር ጎማ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ያድርግበት። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ፣ ኦል ዊልና የዊንተር ጎማ አንዱን ምረጥ ከተባላችሁ፣ ሪር ዊል ግዙና የዊንተር ጎማ አድርጉበት፣ በጣም የከፋ ቀን ደግሞ ተራራ አትውጡ። የአንድ ቀን ገቢ ነው።

ጥያቄ ነበር። አንድ ጋሼ ተነስተው "ልጄ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ቤተክርስቲያንና ግሮሰሪ ነው የምሄደው፣ ኦል ዊል ግዛ ይሉኛል ልጆቹ" አሉኝ። ጋሼ፣ ለእርስዎ ሪር ዊል በደንብ ይበቃል፣ ልጆቹ ገንዘቡን ጎማ ላይ ያውሉልዎ፣ በረዶ የጣለ ቀን ደግሞ መጥተው ይውሰዱዎት ነው ያልኳቸው።

አንዲት እህት ደግሞ ፓርኪንግ ውስጥ ሪር ዊሏ ሲቀረቀር ምን እንደምታደርግ ጠየቀች። እንደ ነዳጅ መኪና ነዳጅ እየሰጠሽ አትርገጪው፣ በተሽከረከረ ቁጥር ራሱን ነው የሚቀብረው። ከኋላ ጎማው ፊትና ኋላ ያለውን በረዶ አካፋ አድርጊ፣ አሸዋ ወይ የድመት መጸዳጃ አፈር ከጎማው ስር በተኚ፣ መሪውን ቀጥ አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ከዛ ወደ ፊት። አንዳንድ መኪና ላይ ትራክሽን ኮንትሮሉን ለጊዜው የሚያላላ ሴቲንግ አለ፣ ቴስላ ላይ ስሊፕ ስታርት ይለዋል፣ ለመውጣት ብቻ ተጠቀሚውና ወዲያው መልሺው።

ሌላው ወንድማችን የጠየቀው አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ነው። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለከለከለች ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ ነው የሚገዛው፣ "ለሐምሌ ጭቃ ኦል ዊል ይሻላል ወይ?" ነው ጥያቄው። እዛ አይስ የለም፣ ለአስፋልት ሪር ዊሉም ፊት የሚጎትተውም ይበቃል። ኮረኮንች ሰፈር ከሆነ ከሁሉም በላይ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይይ፣ ባትሪው ከስር ነው ያለውና። ጎማውን ግን እዛም ቢሆን ሳይለሙጥ ይቀይር፣ ዝናብ የመታው አስፋልትም ያንሸራትታል።

ቡናው ደረሰ ተባለ። ከቡናው በፊት ግን አንድ ነገር ለመንኳቸው። ኪሴ ውስጥ ጥቂት ዶላር የሚያወጣ የጎማ ጥርስ መለኪያ ይዤ ነበር፣ "መኪናችሁ ውጪ ነው ያለው፣ ወጥተን እንለካ፣ አምስት ደቂቃ ነው" አልኳቸው። ሁሉም ኮቱን ደርቦ ወጣ። መጀመሪያ ያገኘነው መኪና ንፁህ ኦል ዊል ነው፣ ታጥቦ ያበራል። ከፊት ጎማው ጀመርን፣ 5/32 ኢንች፣ ህጉ ከሚጠይቀው 3/16 ማለትም 6/32 ያነሰ። ኋላውን ለካን፣ 3/32። ባለቤቱ መለኪያውን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ደግሞ ለካው፣ ያው ነው። ስልኩን አወጣና ለሰኞ ጠዋት ይዞት የነበረውን ተራራ ላይ ወዳለችው ብረከንሪጅ የሚወስድ ጉዞ ለሌላ ሾፌር አስተላለፈው።